ጣልያን ግሱን ይዞ ሄደ

ደብረ ታቦር ላይ ጎማ ስጠግን ስኖር ጣልያንኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቪቴ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ? ልጄ ከእናቷ ጋር ጣልያን አገር ገብታ አማርኛው ከአፏ ሲጠፋ ነው ጉዴን ያየሁት። ለካ ጣልያን ስሙን ጥሎልን ግሱን ይዞ ነው የሄደው!

ሲሄዱ ሦስት ዓመቷ ነበር። እሑድ እሑድ እደውላለሁ፤ እናቷ በመሃል ሆና ታስተረጉማለች። የገዛ ልጅን በአስተርጓሚ ማናገር፣ ለጠላትም አይስጥ። መቼ ትመጣላችሁ ስላት እናቷ ወሬ ትቀይራለች። ስለዚህ አንዲት ቃል እንኳ በራሴ አፍ ልነግራት ቆረጥኩ፦ እጠብቅሻለሁ።

ፎቶ ኮፒ የሆነ መማሪያ አገኘሁ። ቃሉን ቆራርጦ ያስቀምጠዋል፤ አ-ስፔት-ቶ። ለመቆራረጡስ ፊደል የቆጠረ ሰው አያንስም፤ መከራው አነሣሡ፣ የቱ ላይ ድምፅን ከፍ እንደምታደርግ ነው። መካከሉን ካነሣኸው «እጠብቃለሁ» ነው። መጨረሻውን ካነሣኸው ግን «ጠበቀ» ይሆናል፤ እሱ፣ ድሮ፣ አለቀ። በልጅነቴ የኔታ ግዕዝ ሲያስነብቡን ተነሽ የሚባለውን ቃል ወዳቂ አድርገን ስናነብ በአርጩሜ ያቀኑን ነበር። እኔም ከቃሉ ጎን «ተነሽ» ብዬ ጻፍኩበት። ጎማ እየነፋሁ አ-ስፔት-ቶ፣ አ-ስፔት-ቶ ስል ደንበኛው ሁሉ ይኸ ሰውዬ ለየለት ይለኛል። ይበል! ቤት ብገባ እንደሆነ ይህን እንኳ የሚለኝ ሰው የለም።

እሑድ ደረሰና ደወልኩ። የልጄን ድምፅ ስሰማ ልቤ ድንግጥ አለና መጨረሻውን አነሣሁት። እናቷ ሣቀች። «ማነው የጠበቀው? ትላለች» አለችኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁ፤ የተናደድኩትስ በራሴ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ያችኑ ቃል ሳመላልስ ከረምኩ። በሚቀጥለው እሑድ አልተሳሳትኩም፤ የኔታ ቢሰሙኝ አርጩሜያቸውን በጣሉ። ልጄ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ማንን? እያለችህ ነው» አለች እናቷ።

እኛ «እጠብቅሻለሁ» ስንል ልጅቱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለች፤ «ሽ» ናት። በጣልያንኛው ግን ለብቻዋ ተነጥላ መጠራት ነበረባት፤ እኔ ደግሞ ግሱን ስቆራርጥ ስከርም እሷን ረስቻታለሁ።

«ሁለታችሁን» አልኩ በአማርኛ።

ልጄ አልገባትም። ምን አለ ብላ ደጋግማ እናቷን ስትጠይቅ ይሰማኛል። እናቷ አልተረጎመችላትም።