የእትዬ አሰለፈች ፎጣ

ታጥፎ የተደረደረ ፎጣ ሆን ብላችሁ በትናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሥራዬ ነው።

የምሠራው ኮሎምበስ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው። ከነዋሪዎቹ አበሻ እትዬ አሰለፈች ብቻ ናቸው። ጊዜ ማሳለፊያ አክቲቪቲ የተባለውን ሁሉ ሞከርንላቸው። ቢንጎው ሰለቻቸው፤ ቀለም መቀባቱን "የሕፃን ሥራ!" ብለው ገፉት። ድሮ የሆቴል ላውንደሪ ኃላፊ እንደነበሩ ስሰማ ግን አንድ ቅርጫት ፎጣ አቀረብኩላቸው። ፊታቸው በራ! ጠርዙን ከጠርዙ ገጥመው፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ሲደረድሩት፣ ላዩ ላይ እንቁላል ብታስቀምጡ አይንከባለልም።

ችግሩ ፎጣው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዕቃ ክፍል ይዤው እገባና ሁሉንም በትኜ፣ "እትዬ፣ ሌላ መጣ!" እያልኩ እመለሳለሁ። በብልጠቴ እንዴት እንደኮራሁ!

አንድ ቀን እየበተንኩ ዞር ስል እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ክው አልኩ። እጄ ላይ የተንጠለጠለውን ፎጣ አዩ፤ እኔን አዩ፤ "በርቺ የኔ ልጅ" ብለውኝ ሄዱ። እፎይ፣ አልገባቸውም ማለት ነው!

እሑድ ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልትጠይቃቸው መጣች። ውኃ ላቀብላቸው ስጠጋ፣ እትዬ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉና ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ እንዲህ አሏት፦

"ይቺን ልጅ አየሻት? ያጠፍኩትን ትበትንና ሌላ መጣ ትለኛለች። ምስኪን፣ ገና በልጅነቷ መርሳት ጀምሯታል። እኔማ ታክቶኛል፤ ግን ሥራ ፈትታ እንዳይከፋት ብዬ አጥፍላታለሁ።"