አሮጌውን መንገድ የዘጋው ባምላኩ

ባምላኩ ቡሬ ላይ ስልክ ይጠግናል፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይፈጥናል። ከገጠር የመጣ ደንበኛ «ለምን ይቆራረጥብኛል?» ካለው ሥራውን ትቶ ማስረዳት ይጀምራል። «ድሮ ድምፅ ራሱን የቻለ መንገድ ነበረው። አሁን በፎር ጂ ድምፁም እንደ ፎቶው በዳታ ነው የሚሄድ። ተቆራርሶ ይላካል፣ እዚያ ማዶ ይገጣጠማል። የዘገየውን ቁራሽ የሚጠብቀው የለም፤ ይጣላል።» ደንበኛው ራሱን ይነቀንቃል። ገብቶት እንዳይመስላችሁ፤ ስልኩን ተቀብሎ መሄድ ፈልጎ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሊበን አጠገብ ወዳለው የወላጆቹ መንደር ሲሄድ ይህንኑ እውቀቱን ይዞ ሄደ። እዚያ አሮጌው ኔትወርክ ደካማ ነው። ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ከፎር ጂ ወደ አሮጌው ይወርድና ድምፅ ይጠፋል። ባምላኩ የእናቱን የወይዘሮ ንግሥቴን ስልክ እንዳይወርድ አድርጎ «ፎር ጂ ብቻ» ላይ ቆለፈው። ድምፁ ጥርት አለ። ያየ ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ መጣ፤ የመንደሩን በሙሉ ቆለፈላቸው። ተመረቀ፣ ጠላ ተቀዳለት፤ ደስም አለው፣ ምን ይደበቃል!

ክረምት ሲገባ አባቱ አቶ ይሄይስ ታመው ለሕክምና ቡሬ መጡ። ወይዘሮ ንግሥቴ ከብቱን ለማን ጥለው ይምጡ? ወዲያው የመኪናው መንገድ ተዘጋ፤ አልፎ ተርፎ የሞባይል ዳታ ከነፎር ጂው ጠፋ። ቡሬ በአሮጌው ኔትወርክ እንደምንም ይደዋወላል። ያ መንደር ግን አሮጌው መንገድ ስለተዘጋበት ጭጭ አለ። እነሱ ኔትወርክ የጠፋ መስሏቸው ተቀምጠዋል። መክፈቻው ቀላል ነበር፤ ግን እሱን ለመንገርም መጀመሪያ መደወል ያስፈልጋል።

«ዛሬስ አታገናኘኝም?» ይላሉ አባቱ።

«አልሠራም፣ አባ።»

«የሰው ስልክ እየጠገንህ የእናትህ አቃተህ? ብዙ ወሬ አልፈልግም። ድምጧን ብቻ ልስማ።»

ባምላኩ እንዲያምኑት እያዩት ይደውላል። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም» የምትለዋን ሴት ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እሱ ያን ጊዜ የገዛ እጁን መቁረጥ ያምረው ነበር። አቶ ይሄይስ እንደ ጓጉ ሞቱ። መንገዱ ስላልተከፈተ እዚያው ቡሬ ተቀበሩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገዱ ሲከፈት ሄደው በማለዳ የሚያረዷቸው ሽማግሌዎች ተመረጡ።

ከመንገዱ በፊት ዳታው ተመለሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ባምላኩ ሱቁ ውስጥ እንዳለ ስልኩ ጠራ፤ እናቱ ናቸው።

«ልጄ! እንደምን ከረማችሁ? አባትህሳ?»

እንደምንም ብሎ «ደኅና ናቸው። ተኝተዋል» አለ።

«እሰይ! እንቅልፍ ከወሰዳቸውማ ተሽሏቸዋል። ተው፣ አትቀስቅሳቸው።» ከዚያም አፍረት በያዘው ሳቅ፣ «ድምፅዎ ናፍቋታል በላቸው። ሲነሡ ደውልልኝ እሺ? ስልኩን ከእጄ አላወርደውም» አሉት።

«እሺ፣ እናቴ» አለ ባምላኩ።