የወግዲ ኑግ በግድግዳዬ ላይ

ዕፅዋት እግር የላቸውም የሚል ሰው የእኔን ግድግዳ አላየም። በርበሬው፣ በቆሎው፣ ድንቹ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ይሉናል፤ የባሕር ዛፍማ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ መካነ ሰላም ተወልጄ ከደሴ ያላለፍኩ ሰው፣ ዓለምን ዞሮ ከመጣ ድንች ጋር በአንድ ጓሮ መኖሬን ሳስበው አንዳንዴ አፍራለሁ። ድንቹ አፍ ቢኖረው ይንቀኝ ነበር።

ግድግዳዬ ላይ የበቀለው ግን የሩቅ አገር አይደለም። ከወግዲ ነው የመጣው፣ ከሚስቴ ጋር።

ጎጆ በወጣን ዓመት በረዶ ጤፋችንን ደብድቦት ለቤቱ ጭቃ የሚሆን ጭድ አጣን። የሚስቴ አባት ከወግዲ በአህያ አስጭነው ላኩልን። ሽማግሌው ኑግ የወቁበትን አውድማ እንደገና በእበት ሳያስለቀልቁ ጤፉን ወቅተውበት ኖሮ፣ በጭዱ ውስጥ ኑግ ተደባልቆ መጣ። እኛ ምን እናውቃለን፤ ከጭቃው ጋር ረግጠን ለጠፍነው። ክረምት ሲገባ ዝናብ የሚመታው የቤቱ ጎን ከታች በኩል አረንጓዴ ሆነ። መስከረም ሲያልቅ ግድግዳችን ቢጫ አበባ አበበ።

ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ። "ማሳው ቢያልቅበት ቤቱን የዘራ ገበሬ" አሉኝ። ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ሚስቴ ከበር ላይ ሆና አየችኝ።

"ምን አደረገህ?"

"ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል።"

"እንግዲያው እኔንም ንቀለኝ። አንድ ላይ ነው የመጣነው።"

ተውኩት። ለኑጉ አዝኜ አይደለም፤ እሷን ፈርቼ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በቀለ። እኔም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ፣ "የወግዲ ዘር እልኸኛ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም" እል ነበር። እሷ ወደ ጓዳ ዞር ብላ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት አልጠየቅሁም። አነጋገሬ አምሯት የምትስቅ ነበር የሚመስለኝ።

እሷ ካረፈች በኋላ በመጣው ክረምት ግድግዳው ባዶውን ቀረ። ዝናቡ አንሶ ነው አልኩ። በተከታዩ ክረምት መንገድ እስኪቆርጥ ዘነበ፤ ኑጉ ግን የለም።

ዘንድሮ ኩታበር የምታስተምረው ልጄ መጣችና ቤቱ በሲሚንቶ ይለሰን አለች። ልክ ናት፤ ጭቃው ተሸርፏል፣ አይጥም የራሷን በር ከፍታለች። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አስቸገርኳት።

"አባባ፣ ምንድን ነው የሚጠብቁት?"

"እንግዳ።"

"የምን እንግዳ?"

"ኑግ።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ኑጉ እኮ በራሱ አልነበረም የሚበቅለው። እማዬ ናት። አበባው ሲደርቅ ፍሬውን ታራግፍና ታስቀምጣለች፤ ክረምት ሊገባ ሲል ግድግዳውን ስትለቀልቅ ከጭቃው ጋር ታሸዋለች።"

"ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"እንግዳ ፊት ሲኩራሩ ማየት ደስ ይላት ነበር።"

እስቲ አስቡት። ያን ሁሉ ክረምት እሷ ስትለቀልቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ጭቃው ቀጠነ እያልኩ የምተቸው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወግዲ ሄድኩ። መንገዱ ወቀጠኝ። ኑግማ መካነ ሰላም ገበያም አይጠፋም፤ እኔ የፈለግሁት የአባቷን ማሳ ኑግ ነው። የሚስቴ ታላቅ ወንድም ከደጅ ተቀብሎ ሳመኝ። ለዘር የሚሆን እፍኝ ኑግ ስጠኝ አልኩት።

"በዚህ ዕድሜህ ልታርስ?"

"ግድግዳ ነው የማርሰው።"

ነገሩን ስነግረው መሬት መሬቱን አየ።

"ወላሂ የለኝም፣ አማቼ። እዚህ ኑግ መዝራት ከተውን ቆየን፤ ማሳው ሁሉ ስንዴ ሆኗል። እህቴ በመጣች ቁጥር 'አይዟችሁ፣ የአባባ ዘር እኔ ጋ አለ' ትለን ነበር። እኛም እሷን ተማምነን ዝም አልን።"

ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዳችን የሌላውን ባዶ እጅ አየን። ምሳ አብልቶ ሸኘኝ።

ልጄ ሲሚንቶውን አስመጣች። ሦስቱ ጎን ተለሰነ። ዝናብ የሚመታውን ጎን ግን ሳልለምናት ተወችልኝ። ሚስቴ ካሸችው ውስጥ አንዲት ፍሬ ጭቃው ውስጥ ተኝታ ቀርታ ይሆናል ብዬ ጠዋት ጠዋት በጆግ ውሃ እረጨዋለሁ። ትናንት ጎረቤቴ ወደ ሱቋ ስታልፍ ያዘችኝ።

"ጋሼ፣ ግድግዳ እያጠቡ ነው?"

"አቧራው በዛብኝ።"

"አብሽሩ፣ ክረምቱ ደርሷል። እሱ ያጥብልዎታል።"

እስክትርቅ ጠበቅኋት። ጭቃው ሲርስ የዚያ የወግዲ ጭድ ሽታ ይወጣል። ብዙ አይቆይም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠፋል። ሲጠፋብኝ ጆጉን ልሞላ ገባሁ።