ባሮ ዳር ስሜ ሲጠራ

ልጅ እያለሁ አባቴ ለሽርሽር የወሰደን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ጋምቤላ። ሁለት ቀን ቆየን። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። እንደነዚያ ሁለት ቀናት አብሮኝ የኖረ ግን የለም።

አባቴ ወሎዬ ነው። በሹፍርና ኢሉባቦር ገባ፣ እናቴን ከደሴ አምጥቶ መቱ ላይ ጎጆ ወጣ። እኔም ታናሽ ወንድሜ ጀማልም የተወለድነው እዚያ ነው። አባቴ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናው ጨውና ሳሙና ወደ ጋምቤላ ያወርዳል፣ ሲመለስ ማንጎና የደረቀ ዓሣ ይዞ ይመጣል። መኪናው በራችን ላይ ሲቆም እኔና ጀማል የጭነቱ ሸራ ውስጥ ገብተን እናሸት ነበር። ወንዝ ወንዝ፣ ጭቃ ጭቃ፣ የበሰለ ፍሬ ፍሬ ይላል። ጋምቤላ ለእኛ መጀመሪያ ሽታ ነበረች።

የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሲደርስ አባቴ፣ ከአንድ እስከ አሥር የወጣ ጋምቤላን ያያል አለ። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አራተኛ ወጣሁ። ሦስተኛ ክፍል የነበረው ጀማል ሠላሳ ስምንተኛ ወጣ። ካርዱን ፍራሽ ሥር ደብቆ ሲያለቅስ ተገኘ። አባቴ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ታዲያ ሠላሳ ስምንተኛ የወጣ ሰው አገር አይይ?" አለ። ሁለታችንም እንድንሄድ ተወሰነ። እኔ ለፍቼ ያገኘሁትን እሱ በእንባ አገኘው ብዬ ከፋኝ።

በዋዜማው እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ቆየች። ጀማል ደጅ ብይ ይጫወታል። ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ፣ "ዘሃራ፣ ስሚኝ" አለችኝ። "ጫካና ወንዝ ባለበት አገር፣ ቀትር ላይ ስምሽ ቢጠራ ቶሎ አቤት እንዳትዪ። ሦስት ጊዜ ይሙላ። ሰው ሦስት ይጠራል፤ ጂን ከሁለት አያልፍም።"

"ሁለት ጠርቶ ዝም ካለስ?"

"ዝም ካለማ ሰው አልነበረም" አለችና ጉንጉኑን ጠበቅ አደረገችው።

ከጎሬ በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ያን ጫካ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዛፎቹ ጫፋቸው አይታይም። ከቅርንጫፉ አረንጓዴ ጢም ተንጠልጥሏል። ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እያንጠለጠሉ ቁልቁል ያዩናል፤ አይጮሁም፣ አይሸሹም። ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። አባቴ ማንጎራጎር የሚወድ ሰው ነበር፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ሲገባ ግን ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። ጆሮአችን ተደፈነ፣ ሹራባችንን አወለቅን፣ ሙቀቱ በመስኮት እንደ እንግዳ ሰው ገብቶ መሐላችን ተቀመጠ።

አባቴ ከተማዋን የራሱ አስመስሎ ነበር ያስጎበኘን። ድልድዩን በእግር አሻገረን፤ መሐል ላይ አቁሞ ባሮን አሳየን። ውሃው ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ድምፅ የለውም። የእኛ ሶር ወንዝ ሲወርድ ይጮሃል፤ ባሮ ግን አንድ ነገር እንደሚያስብ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል። ድሮ ከሱዳን መርከብ እስከዚህ ይመጣ ነበር ብሎ የዛጉትን የቆርቆሮ መጋዘኖች አሳየን። የአኙዋክ ሴቶች ከቁመታቸው የማይተናነስ ዓሣ ተሸክመው ያልፋሉ። አንድ የኑዌር ሽማግሌ ግንባሩ ላይ የተሰመረውን መስመር ጀማል አንገቱን ሰቅሎ ሲቆጥር አየውና፣ እንዲመቸው ጎንበስ አለለት። "ስድስት" አለ ጀማል። ሽማግሌው ሳቀ። አባቴ "ሂሳቡስ ደህና ነው" አለ። ጀማል ቀኑን ሙሉ በዚያ ነገር ሲኮራ ዋለ።

ነገሩ የሆነው በሁለተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አባቴ ዙህር ሊሰግድ ሄደ። እኛን ወንዙ ዳር ካሉት ማንጎዎች ሥር አስቀመጠን። "ከዚህ ጥላ አትውጡ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ዘሃራ፣ ወንድምሽን" አለኝ።

ከታች፣ ከመጋዘኑ ወዲያ፣ አንዲት ታንኳ ታስራለች። ጀማል እሷን ካላየሁ አለ።

"አዞ አለ" አልኩት።

"አዞ በቀትር ይተኛል።"

"ሠላሳ ስምንተኛ ደግሞ ስለ አዞ ያስተምረኝ ጀመር።"

ፊቱ ተለወጠ። ተነስቶ ወረደ። ልጠራው እችል ነበር፤ አልጠራሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼ ማንጎ መላጥ ጀመርኩ።

ሰው የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ወፎቹ እንኳን ዝም ብለዋል። ያን ጊዜ ነው ከመጋዘኑ ጀርባ "ዘሃራ" የሚል ድምፅ የመጣው።

የጀማል ድምፅ ነበር፤ ግን የጀማል አልመሰለኝም። ቀጭን ሆኖ፣ ከውሃው ላይ ተንሸራቶ የመጣ ይመስል ነበር። እጄ ማንጎው ላይ ቀረ። ከዚያ እንደገና፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ "ዘሃራ"። ሻሼን ጆሮዬ ላይ ጎተትኩት። ቢስሚላህ አልኩ። ሁለት ጣቴን ዘርግቼ ሦስተኛውን ጠበቅኩ።

ሦስተኛው አልመጣም።

ደስ አለኝ። ይህን ብዬ ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አላህ ያውቃል። ፈተና ያለፍኩ መሰለኝ። ለእናቴ እስክነግራት ቸኮልኩ። ማንጎዬን ጨረስኩ፣ ፍሬውንም መጠጥኩት።

ከዚያ በማላውቀው ቋንቋ ጩኸት ተነሳ። ሴቶች በወንዙ ዳር ቁልቁል ሮጡ። ስደርስ አንድ የአኙዋክ ዓሣ አጥማጅ የራሱን ታንኳ ወደ ዳር እየቀዘፈ ነው፤ ጀማል ከፊቱ በሆዱ ተጋድሟል። አሸዋው ላይ አስተኛው፣ ጀርባውን ተጫነው፣ ውሃ ወጣ። እንደገና ተጫነው። ጀማል አስሎ አለቀሰ። ሰውዬው እጁን የጀማል ራስ ላይ አሳርፎ ተነሳና ወደ መረቡ ተመለሰ። ስሙን አልጠየቅነውም። እስከ ዛሬ ዱዓ ሳደርግለት "ያ ባለ ታንኳ" እላለሁ።

አባቴ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ከመስጊድ ሮጦ መጣ። ጀማልን አቀፈው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

"ጀማል አልጠራሽም?"

"አልሰማሁም" አልኩ።

ጀማል በአባቴ ትከሻ ላይ ዓይኑን ከፍቶ እያየኝ ነበር።

ጀማል እዚያ አላጋለጠኝም፤ መቱ ስንደርስም ለእናቴ ምንም አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እትዬ ይለኛል። በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ያለ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው ይለው ነበር፤ እናቴም ትኮራበት ነበር።

ዛሬ የምኖረው ሜልበርን ነው፤ ታርኔት የሚባል ሰፈር። ቤት አለን፣ ልጆች አሉን፣ ዲር ፓርክ ያለ መጋዘን ውስጥ የጧት ሺፍት እሠራለሁ። አላህ ያላደረገልኝ የለም። በዚህ ዓመት ደግሞ ሐጅ እንድሄድ ወፈቀኝ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። እኔም ስልኬን ይዤ ከዘመድ ዘመድ ደወልኩ። "በማውቀውም በማላውቀውም አውፍ በሉኝ" እላለሁ፤ "አውፍ ብለናል፣ አንቺም አውፍ በዪን" ይሉኛል። ለጀማልም ደወልኩ። መቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። "አውፍ ብያለሁ እትዬ፣ ዱዓ አድርጊልን" አለ፤ ቶሎ አለ፣ እንደሌላው ሰው። ስልኩን ዘጋሁ። ልደውልላቸው ከጻፍኳቸው ስሞች ላይ ሰረዝኩት።

ከመሄዴ በፊት ባለቤቴና ልጆቼ ትንሽ እናዝናናሽ ብለው ዳንደኖንግ ተራራ ወሰዱኝ። እዚያ ላይ ዝናብ የማይለቀው ጫካ አለ። ከመኪናው ስወርድ የረጠበ ቅጠል ሽታ መጣ፤ ጭጋጉም ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። ከጎሬ ወዲያ ያለው ጫካ ትዝ አለኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ቀሪዎቹን ዘመዶች ደወልኩ፣ ከዚያ የሐጅ ኡስታዛችን የሰጡንን ለበይክ አላሁመ ለበይክ የሚለውን እለማመድ ጀመር። ትልቋ ልጄ ሂክማ ከኋላ ሆና፣

"ማም፣ እነዚህን ሁሉ ሰዎች ምን አድርገሻቸው ነው ሶሪ የምትዪያቸው?" አለችኝ።

"ምንም። ልማድ ነው።"

"ምንም ካላደረግሽ ምኑን ነው የሚተዉልሽ?"

አባቷ ሳቀ። "መልሺላት እንጂ" አለኝ።

ሂክማ ሌላ ጠየቀች። "ኦኬ፣ ለበይክ ሚኒንጉ ምንድነው?"

"አቤት ማለት ነው" አልኳት። "አላህ ሲጠራሽ አቤት፣ መጣሁ ማለት ነው።"

ይህን ካልኩ በኋላ ለበይኩን መለማመድ አልቻልኩም። ወንድሟ ሁለት ጊዜ ጠርቷት ያልመለሰች ሴት፣ እዚያ ሄዳ በምን አፏ አቤት ትላለች?

በማግስቱ ከሺፍት ስመለስ መኪናውን በራችን ላይ አቁሜ፣ ሳልወርድ ደወልኩ። መቱ ጧት ሦስት ሰዓት ነው።

"እትዬ? ደህና? ቪዛው መጣ?"

"መጥቷል። ጀማል፣ ያን ቀን ባሮ ዳር ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ።"

ከጀርባው አንድ ሰው "ቺንጋ አለ?" ሲለው ይሰማኛል። "ቆይ" አለው።

"ሁለቱንም ሰምቻለሁ" አልኩ። "እማማ ሦስት ካልሞላ አቤት እንዳትዪ፣ ጂን ነው ብላኝ ነበር። ሦስተኛውን ስጠብቅ ነው የቀረሁት። ለአባባ ደግሞ አልሰማሁም ብዬ ዋሸሁ። አንተም ሰማኸኝ።"

"ለእኔ ይህን አልነገረችኝም" አለ ቀስ ብሎ። "ስለ ሦስቱ።"

"አንተ ብይ ትጫወት ነበር።"

ሰውዬውን በኋላ ተመለስ ሲለው ሰማሁ፤ የሱቁ ቆርቆሮ በር ሲወርድም ሰማሁ። ድምፁ ጠባብ ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ሆነ።

"ንቀሽኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት" አለ። "ሠላሳ ስምንተኛ ስለወጣሁ ነው የተወችኝ እያልኩ። ጂን መስሎሽ እንደሆነ ባውቅ፣ እትዬ፣ በወቅቱ እስቅብሽ ነበር።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ግን ሦስት ጊዜ ነው የጠራሁሽ" አለ። "አንደኛው ላይዋ ወጥቼ ታንኳዋ ከዳር ስትላቀቅ ነው። ሁለተኛው ስትርቅ። ሦስተኛውን ውሃው ውስጥ ሆኜ ነው የጠራሁሽ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣም እንጂ።"



"ባለፈው ያልኩሽን ተዪው፤ እሱ የአፍ ነው፤ ለሰው ሁሉ የምለው ነው" አለኝ። "አሁን ግን ምኑን እንደሆነ አውቄ ነው። አውፍ ብዬሻለሁ። በደህና ሂጂ።"

ልጆቼ ዛሬ ከፎቅ አንዴ ጠርተውኝ ካልመለስኩ ወዲያው ስልኬ ይጮኻል፤ የትም ብሆን ያገኙኛል። እኛ ልጆች ሳለን ሰው ድምፁ ብቻ ነበረው፤ እሱም የሚደርሰው የሚሰማው ሲኖር ነው። ያ ዘመን ይናፍቀኛል፤ የሸራው ሽታ፣ ያ ጫካ፣ አባቴ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን ሲያሳየን። ጀማልም በእውነት አውፍ ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ድሮ ይከተለኝ የነበረው የሰማኋቸው ሁለቱ ነበሩ። ከዚያ ስልክ ወዲህ የሚመጣብኝ ያልሰማሁት ሦስተኛው ነው። ድምፅ የለውም። ውዱእ ላደርግ ቧንቧውን ስከፍት ይመጣል፤ እጄን ውሃው ሥር እንደያዝኩ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙኝ ቀስ ብዬ፣ አቤት እላለሁ።