በየቅዳሜው አንድ ሸክላ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። አንዲት ሸክላ ብቻ አሳትመው ደብዛቸው የጠፋ ዘፋኞችን ሥራ እሰበስባለሁ። ሱስ በሉት።

ላፍቶ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጋሽ ደበበ የሚሸጥ ሸክላ አላቸው ሲሉኝ ሄድኩ። ሰውየው ግን በአንድ ቀን ከአንድ በላይ አይሸጡም! መጀመሪያ ሁለቱንም ፊት አብረን እንሰማለን። ዓይናቸው ስለደከመ ሽፋኑን እኔ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ «ሌላውን ቅዳሜ ና» ይሉኛል። ወራት ተመላለስኩ።

«ጋሼ፣ ለምን ሁሉንም ባንዴ አይሸጡልኝም?»

«ምን አስቸኮለህ? ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ?»

የለም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደተለመደው አንዷን አጫወቱልኝ። «ይቺ የባለቤቴ ነበረች። ሸክላዋ ሠላሳ ዓመት ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም» አሉኝ።

ላነብላቸው ሽፋኑን ገለበጥኩት። ጥጉ ላይ የኔ ስም ተጽፏል፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ከሷ ሁለት ቅጂ ስለነበረኝ አንዷን በቀደም መርካቶ ወስጄ ለነጋዴ የሸጥኳት ነች።

ቀና ስል የሸክላ መደርደሪያቸው ባዶ ነው፤ ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ይቺንማ ስፈልጋት ነው የኖርኩት፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ለቅዳሜስ ሌላ አለ?»