ኮሪን ጥላ የያዘችበት ካሴት

ላይል ቲቦ ሙዚቃ መጫወት አይችልም። ሲያንጎራጉር ውሻው እንኳ ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ሥራው የቤት ማሞቂያ ምድጃ መጠገን ነው፤ በደቡብ ቬርሞንት ብርድ ሲገባ ስልኩ አያርፍም። ምድጃው አጠገብ ይንበረከክና ጆሮውን ይሰጣል፣ ከዚያ ወይ ቧንቧው ተደፍኗል ወይ ማራገቢያው ደክሟል ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ያንን ጆሮ ግን እግዜር ለምድጃ ብሎ እንዳልሰጠው እርግጠኛ ነው። የሰጠው ኦተር ፎልስን እንዲሰማበት ነው።

ኦተር ፎልስ የባንድ ስም ነው። አምስት ሆነው ይጫወታሉ። አንድ ዘፈን ይጀምሩና ካሰኛቸው ግማሽ ሰዓት ይቆዩበታል፤ መንገዱን ለቀው ዱር ይገባሉ፣ ሕዝቡ «አሁንስ ጠፉ» ሲል ተመልሰው መንገዱ ላይ ብቅ ይላሉ። ዛሬ የተጫወቱትን ነገ እንደነበረ አይደግሙትም። ወዳጆቻቸው ከከተማ ከተማ የሚከተሏቸውና የሚቀዷቸው ለዚህ ነው። ባንዱም ፈቅዷል። ከድምፅ ማስተካከያው ጀርባ ለቀጂዎች ቦታ ይከለልላቸዋል፣ እነሱም ማይክራፎናቸውን ረጅም ምሰሶ ላይ ሰቅለው ሥሩ ይቆማሉ። ሕጋቸው ጥቂት ነው። የቀዱትን አይሸጡም፤ ባዶ ካሴት ለላከ ሁሉ በነፃ ይገለብጡለታል። ደግሞ ማይክራፎን ሥር ማንም ሰው አይናገርም።

ላይል ይህን የመጨረሻውን ሕግ እንደ ሃይማኖት ያዘው። ሃያ ሰባት ዓመት ሲቀዳ አጠገቡ ሰው አስነጥሶ ይቅርታ ያገኘ የለም። በዘፈንና በዘፈን መካከል ወሬ ወይም ሳቅ ከገባ ቤቱ ሄዶ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ንጹሑን ካስቀረ በኋላ የመጀመሪያውን ካሴት ደምስሶ ሌላ ይቀዳበታል። እንደ ላይል ቅጂ የጠራ ከሜይን እስከ ቨርጂኒያ አልነበረም። ወዳጆቹ በሌለበት «መነኩሴው» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ላይል ይህን ስም የሰማው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሲሰማው ደግሞ ደስ አለው፣ ሞኝ።

ሚስቱ ኮሪን መነኩሴ አልነበረችም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበረች፤ ድምፅዋ ሻካራና ወፍራም ነበር፣ አርባ ልጅ በአንድ ቃል ቁጭ የሚያደርግ። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የጀመረችውን ወሬ ማታ ትራስ ላይ ነው የምትጨርሰው። ቤታቸው ሬዲዮ አያስፈልገውም ይሉ ነበር ጎረቤቶቿ። ላይልን ያወቀችው በኦተር ፎልስ ሜዳ ነው፤ የመጣችው ለመደነስ ነበር። ከተጋቡ በኋላ ግን ቦታዋ ምሰሶው ሥር ሆነ። ሲዘንብ ጥላ ትዘረጋለች፣ ለራሷም ለሱም አይደለም፣ ለመቅጃው። በሌላው እጇ የዘፈኖቹን ስም በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፣ ቤት ስትገባ ካሴቱ ሽፋን ላይ ትገለብጠዋለች። በላይል መደርደሪያ ላይ ያሉት ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ካሴቶች ሁሉ የተጻፉት በሷ እጅ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የአውቶቡሷን ጎማ አይታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈነዳ። ልጆቹ ገና አልተሳፈሩም ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ይህን እንደ መጽናኛ ነገረው። ላይልም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸው ነበር።

በጥር ወር አንድያ ልጃቸው ዳርሲ መጣች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያዋ። ወጥ ቤት ተቀምጣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆየች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«የፈለግሽውን።»

«የእማዬን ድምፅ ስጠኝ። ሕፃኑ እንዲሰማው ነው። እኔም… እየጠፋብኝ ነው። ትናንት ስሜን እንዴት እንደምትጠራው ላስታውስ ብዬ አቃተኝ።»

«እኔ ጋስ ምን አለ ልጄ?»

ዳርሲ ወደ መደርደሪያው አየች። «ዕድሜ ልክህን ስትቀዳ አይደል የኖርከው? አጠገብህ እኮ ነው የቆመችው። አንድ ቃል አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አላት ላይል። በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው ያለው።

መጀመሪያ የቀላል የቀላሉን አየ። የቤቱ ስልክ መልእክት መቀበያ ላይ ያለው የራሱ የላይል ድምፅ ነው። ኮሪን ለመቅጃ መናገር አትወድም፤ ሰው ካላነሳላት ዘግታ እንደገና ትደውላለች። የቪዲዮ ካሜራ አልነበራቸውም፤ ዳርሲ ስትወለድ ኮሪን እንግዛ ብላው «ሁለት ጥሩ ማይክራፎን እያለን?» ብሏታል። የሠርጋቸውን ካሴት አወጣ። ጓደኞቻቸው የተጫወቱት አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አለ። ቃል ሲገቡ ግን ካሴት ይቆጥብ ብሎ መቅጃውን አጥፍቶት ነበር።

ከዚያ መደርደሪያውን ከላይኛው ጥግ ጀመረ። ጠዋት ምድጃ ይጠግናል፣ ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ጥር አለቀ፣ የካቲት ገባ። ጊታሩ እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ብሎ ይሰማል። ከሩቅ የሚያፏጭ ሕዝብ አለ፣ አንዴ ውሻ አለ፣ አንዴም ጥላ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ጥላውን የያዘችው የለችም። ሽፋኑ ላይ ግን አለች፤ ከዘፈኖቹ ዝርዝር ሥር በትንንሽ ፊደል «ዝናብ። ላይል ደስ ብሎታል። እኔ በስብሻለሁ» ብላ ጽፋለች። ሌላው ላይ «እግሬ ሊቆረጥ ነው፣ ማንዶሊኑ ግን ልዩ ነበር።» በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ላይል ወርቁን መዳብ ነው ብሎ አልቆጠረውም፣ ቆሻሻ ነው ብሎ ፍቆ ጣለው እንጂ። ይህን እሱም በየቀኑ ለራሱ ይነግረው ጀመር።

ዳርሲ ስትደውል «ገና ነኝ» ይላታል።

መጋቢት ላይ አንድ ካሴት አነሳ። «የሃርሎው እርሻ፣ ሁለተኛው ቀን» ይላል። ከሥሩ በዚያው እጅ ጽሕፈት፦ «በኔ ጥፋት መግቢያው ተቆርጧል። ይቅርታ።»

ላይል ማዳመጫውን አውልቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር መጣበት።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ሆቢ የሚባል ፖስተኛ ጓደኛ ነበረው። ሆቢ ማይክራፎን ስለሌለው ከላይል መሣሪያ ገመድ ስቦ በራሱ መቅጃ ላይ ይቀዳ ነበር፣ ስለዚህ ላይል ቤቱ ሄዶ የሚቆርጠው ሁሉ ሆቢ ጋ ሳይቆረጥ ይቀራል። የዚያን ቀን ባንዱ ረጅሙን ዘፈን ሊጀምር ሲል ኮሪን ተናገረች። ምን እንዳለች ላይል ረስቶታል። የማይረሳው መናደዱን ነው። ንግግሯ ከመግቢያው ጋር ስለተጣበቀ የዘፈኑን የመጀመሪያ ስድስት ሰከንድ አብሮ ቆርጦ ጣለ። ሆቢ ደግሞ ያልተቆረጠውን በመነኩሴው ስም ለወዳጅ ሁሉ ገለበጠው። «የላይል ቅጂ ላይ ሴትዮ ታወራለች» እየተባለ ተሳቀበት። ላይልም ሆቢን «በስሜ ቆሻሻ በተንክ» ብሎ ተጣላው። ቤት ገብቶም ሰው እንደሳቀበት ለኮሪን ነገራት። ኮሪን ሳቀች፣ ትከሻውን መታ አደረገችው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምሰሶው ሥር አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ሆቢ የሚኖረው ከግዛቱ ድንበር ማዶ፣ ሁሲክ ፎልስ የምትባል ከተማ ነው። ላይል በማግስቱ ሄደ። ሆቢ በሩን ከፍቶ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መነኩሴው። ከገዳም ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ ሄድኩ።»

«አይቼሃለሁ።»

«አይተኸኝም ዝም አልክ።»

«ምን እንደምል ጠፋኝ፣ ሆቢ።»

«አንተማ ዝምታውን ተክነኸዋል። ግባ፣ ብርድ አታስገባብኝ።»

ላይል አልተቀመጠም። የመጣበትን ቆሞ ነገረው። ሆቢ ሲሰማ ፊቱ ላይ የነበረው ፌዝ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አሥራ አራት ዓመት ያኮረፍከኝ በሷ ድምፅ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ቆሻሻ ነው ያልከው።»

«ብያለሁ። አሁን አለህ ወይስ የለህም?»

«ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት አብዛኛው አለቀ» አለ ሆቢ። የላይልን ፊት ሲያይ ግን ቶሎ ብሎ ተነሳ። «ቆይ፣ አትውደቅብኝ። ይቺኛዋ ካሴት ምድር ቤቱ ውስጥ አልነበረችም።» መኝታ ቤቱ ገብቶ አንድ ካሴት ይዞ ወጣ። ጠርዙ በመነካካት ብዛት አርጅቷል። «አንዳንዴ እሰማታለሁ። ዘፈኑን ብዬ እንዳይመስልህ፣ ዘፈኑ ያንተም ጋ አለ።»

ላይል መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሆቢ ደጅ ላይ እንደቆመ፣ አንዴ ሰማው። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሆቢ መጥቶ መስኮቱን አላንኳኳም። እዚያው ቆሞ ጠበቀው።

ቤቱ ሲደርስ ለዳርሲ ሊያዘጋጅላት ድምፁን ወደ ኮምፒውተር አስገባው። ድምፅ በስክሪኑ ላይ ጉብታ ጉብታ ሆኖ ይታያል። የሷ ቃላት አንድ ረድፍ ጉብታ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ብቻውን የቆመ ጉብታ አለ፣ የራሱ የላይል ድምፅ። እሱን ማውጣት ለላይል የደቂቃ ሥራ ነው፤ ዕድሜውን ሲሠራው የኖረው ይህንኑ ነው። ማንም አያውቅበትም፣ ዳርሲም እናቷን ብቻ ትሰማ ነበር። ጉብታውን መረጠው። ጣቱን መደምሰሻው ላይ አድርጎ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ። «ካሁን በኋላ እንኳ አልቆርጥም» አለ ጮክ ብሎ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ እንደነበረም ተወው።

ዳርሲ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኗ ውስጥ ጠበቀችው። ሆዷ ገፍቷል። ድምፅ ማጉያውን ወንበሯ አጠገብ አደረገላት።

«ረጅም እንዳይመስልሽ» አላት።

«አንድ ቃልም ይበቃኛል፣ አባዬ።»

ከፈተው። የሕዝብ ጉምጉምታ፣ ክር የሚቃኝ ጊታር። ከዚያ ያ ሻካራ ድምፅ፣ ከቅርብ፣ ክፍሉ ውስጥ የቆመች ያህል፦

«ዝናቡ እኮ ቆመ። ጥላውን ላጥፈውና አንዴ እንደንስ፣ ላይል። አንዴ ብቻ።»

ዳርሲ ሳቅ አመለጣት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። ወዲያው የወንድ ድምፅ መጣ፣ ቁጡ፣ አጭር፦ «እሽሽ።» ጊታሩም ጀመረ።

ዘፈኑ ሄደ። ዳርሲ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ ብላ ሆዷን አቅፋ ትሰማለች። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሦስት ደቂቃ አለፈ። ማንዶሊኑ ገባ። ቀና ብላ አየችው።

«ቀጥሎ የምትናገረው የት ላይ ነው?»

«አትናገርም።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ሃያ ሰባት ደቂቃ ነው። አንድ ድምፅ አልገባበትም። ዝም በይ አልኳት፣ ዝም አለች።»

ዳርሲ አልተቆጣችም፣ ላይል ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ድምፁን ከፍ አደረገችውና ፊቷን ወደዚያው መለሰች። ምናልባት የሳተው ነገር ይኖራል፣ ምናልባት ትንፋሽ፣ ምናልባት ጥላው ሲታጠፍ። ላይል ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ምንም እንደሌለ እያወቀ አብሯት ጠበቀ።