ለጋሽ ተፈራ ያነበብኩላቸው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ካፒቶል ሂል በሚባለው የከተማችን ሰፈር በሚገኝ አንድ ካፌ ውስጥ ራሔል አንድ ሰነድ ፊቴ አኖረች። ራሔል የሟቹ ወዳጄ የጋሽ ተፈራ ልጅ ናት። ኦበርን በምትባል አጎራባች ከተማ ያለ፣ ያረጁ ባትሪዎችን መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውል ፋብሪካ ሊቀጥራት አስቦ ስለ ዘርፉ የወደፊት ገበያ የሚያትት ጥናት ሰጥቷታል። የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ እያረጀ ስለሆነ ጥሬ ዕቃ እንደማይጠፋ፣ የሊቲየምና የኒኬል ዋጋ ግን አንድ ቦታ እንደማይረጋ ይተነትናል።

«ሶ ጋሼ፣ ማርኬቱ ጥሩ ይመስላል። አባዬም እኮ ባትሪ ቤት ሠርቷል። ምን ይሉኛል?» አለች።

የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአባቷ ጋር በከተማዋ ደቡብ በሚገኝ አንድ ግቢ የመኪና ባትሪ እየሰበርን እርሳሱን እናቀልጥ ነበር። ዝናቡ የማያባራበት የዐቢይ ጾም ወቅት ነበር። ምሳችን ምስር በዳቦ ነው፤ የአሲዱ ጣዕም ምላስ ላይ ስለሚቀር ምስሩም ብረት ብረት ይላል። እርሳሱ የሚቀልጥበት ምድጃ ላይ መቆም የእኔ ተራ ነበር፤ ፈተናዬ ሲቃረብ ግን ጋሽ ተፈራ፣ «ሂድ አጥና፤ እኔ እንደሆነ የምፈተነው የለኝም» ብለው ተራዬን ወሰዱ።

ከዚያ የደም ምርመራቸው ውጤት በፖስታ መጣ። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ለእኔ ሰጡኝ። በደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ ስለበዛ፣ እስኪቀንስ ድረስ ከምድጃው ይራቁ ይላል። እርሳቸው ከራቁ ወደ ምድጃው የምመለሰው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ምን አሉ?»

«ትንሽ እርሳስ ተገኝቷል ነው የሚሉት። ወተት ይጠጡ።»

«በሁዳዴ?»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው።»

«መቼም እነዚህ ሰዎች ጾም አያውቁ» ብለው ሳቁ።

ጾም ሽረው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ከማግስቱ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ወተት ይጠጡ ጀመር። ወተት እርሳስን ከደም እንደማያወጣ አውቅ ነበር። ፈተናዬ ካለቀ በኋላም ተራዬን እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኩም፤ እስከ ሰኔ ምድጃው ላይ ቆዩ።

ይህን ሁሉ ለራሔል ነገርኳት። ኋላ አባቷን የገደላቸው የኩላሊት ሕመም ከዚያ ምድጃ የመጣ መሆን አለመሆኑን ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ይህንኑ አለማወቅ ለዓመታት ተጠልዬበት ኖሬያለሁ፤ ዝምታዬንም ሰዎች ጨዋነት ሲሉት አላረምኳቸውም።

«ፈተናውስ?» አለች።

«አለፍኩ።»

«አባዬ የምርቃትዎን ፎቶ ሳሎን ሰቅሎት ነበር። እስካሁን እዚያው ነው።»

አውርጂው ልላት አፌን ከፈትኩ። ያንን መወሰን ግን የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ ገባኝና ዘጋሁት።